የአበባ ማስቀመጫው የቻይና ነው የጃፓን? ከቂጡ ጀምሩ

ከምሥራቅ እስያ የመጣ የሚመስል የአበባ ማስቀመጫ ስትመረምሩ ማኅተሙን ለመጨረሻ አቆዩት። አብዛኛው ሰው ዕቃውን ገልብጦ ፊደሉን ፎቶ ያነሳና «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ፊደሉ የሚለውና ዕቃው የተሠራበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ድራጎኑንም፣ አበባውንም፣ የንጉሡንም ስም አንዱ ካንዱ ሲገለብጥ ኖሯል፤ ጃፓን ከቻይና፣ ቻይና ከጃፓን፣ አውሮፓ ከሁለቱም። ጭቃው፣ መቀመጫው የተላገበት መንገድና እቶን ውስጥ የተቀመጠበት ምልክት ግን ሠሪው ለማስመሰል ብዙም የማይጨነቅባቸው ስለሆኑ እውነቱን ቶሎ ያወጣሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጭቃ፣ ቂጥ፣ አሠራር፣ ቀለም፣ በመጨረሻም ማኅተም ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ (የስልክ መብራትም ይሆናል)፣ ማስመሪያ፣ የኩሽና ሚዛን፣ ከተገኘም የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ባትሪ። ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ፤ ቀለበትና አምባር አውልቁ። ዕቃውን በአንገቱ ወይም በእጀታው አታንሱት። እጀታው ለብቻው ተሠርቶ የተለጠፈ ነው፤ አንገቱም ድሮ ተሰብሮ በሙጫ የተያያዘ ሊሆን ይችላል። አንዱ እጃችሁ ቂጡን፣ ሌላው ሆዱን ይያዝ፤ ከዚያ ፎጣው ላይ በጎኑ አስተኙት።

አሁን ጭቃውን እዩ። ቂጡ ላይ ልባስ (ያ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ሽፋን) ያልነካው ቦታ ፈልጉና አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። በጥቂት ሰከንድ ከጠጣው እንደ ጀበናችን ተራ ሸክላ ነው። ጠብታው እንደ ዶቃ ከተቀመጠ በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ነው ማለት ነው፤ ፖርሴሊን ወይም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሸክላ። ሁለቱን ለመለየት ክፍሉን አጨልሙና ባትሪውን በአፉ በኩል ወደ ውስጥ አስገቡ። በፖርሴሊን ውስጥ ብርሃን ያልፋል፤ በድንጋይማው ሸክላ አያልፍም። ሆዱ ወፍራም ከሆነ ፖርሴሊንም ብርሃን ሊከለክል ስለሚችል የምትፈርዱት በአፉ ጠርዝ፣ ቀጭን በሆነው ቦታ ይሁን። ለልምምድ ቤት ያለው የቡና ሲኒ በቂ ነው፦ ጣታችሁን ከኋላው አድርጋችሁ ወደ መብራት ብታዩት ፖርሴሊን ከሆነ የጣታችሁ ጥላ ይታያችኋል። «ሲኒ» የሚለው ቃላችን ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ዕቃው ከየት ሲመጣ እንደኖረ ስሙ ይዞት ቀርቷል።

ይህ አንድ ፈተና ብቻውን ብዙ ጥርጣሬ ያጠራል። ለምሳሌ የጃፓን ሳትሱማ የሚባለው፣ ወርቅ የበዛበት ዕቃ ተራ ሸክላ ነው፤ መልኩ እንደ ቅቤ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ልባሱም በጸጉር በቀጠነ ስንጥቅ መረብ የተሸፈነ ነው። «ሳትሱማ» ተብሎ የቀረበላችሁ ዕቃ ነጭ ሆኖ ብርሃን ካሳለፈ ሳትሱማ አይደለም። በተቃራኒው ሰማያዊና ነጭ ሆኖ፣ ቻይና የሚመስል ሥዕል ይዞ፣ ጠርዙ በተቆረሰበት ቦታ ግን ቡናማ ወይም ቢጫማ ተራ ሸክላ ካሳየ አእምሯችሁ ወደ ሆላንድ ይሂድ። የሆላንዷ የደልፍት ከተማ ሠሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቻይናን ፖርሴሊን ያስመሰሉት በተራ ሸክላ ላይ ነጭ የቆርቆሮ ልባስ እየቀቡ ነበር። የደልፍት ጠርዝ በቀላሉ ስለሚላጥ ይህ ምስክር አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ላይ ይገኛል።

ወደ ቂጡ እንግባ፤ ረዘም ያለ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው እሱ ነው። ፖርሴሊን ሲተኮስ ልባሱ ስለሚቀልጥ ከእቶኑ ወለል ጋር እንዳይጣበቅ የመቀመጫ ቀለበቱ ጫፍ ልባስ አይደረግበትም። በቻይና ዕቃዎች ልባሱ በሚያልቅበትና ባዶው ጭቃ በሚጀምርበት መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ቀጭን የዝገት ወይም የብርቱካን ቀለም ያለው ክር ይታያል፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት እቶኑ ሲቀዘቅዝ አየር አግኝቶ ያመጣው ነው። ይህ ክር ከውስጥ የመጣ ስለሆነ ስፋቱም ጥልቀቱም ወጥ አይደለም። በሐሰት የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ልባሱ ላይ ጭምር ፈስሶ፣ ጭረትና ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ፤ ለዚህ ሻይ ወይም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይጠቀማሉ። በእርጥብ ጨርቅ ጫፍ ስታሹት የሚለቅ ከሆነ ቆሻሻ ወይም ቀለም እንጂ እቶን የሠራው አይደለም።

በሚንግ ዘመን፣ በተለይ በደቡብ ቻይና ለውጭ ገበያ በተሠሩት ላይ፣ አሸዋ ቀለበቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ከሚንግ ቀጥሎ በመጣው በቺንግ ዘመን፣ የቻይና ዋና የፖርሴሊን ከተማ በሆነችው በጂንግደዠን ምርጥ ሥራዎች ላይ ቀለበቱ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ ሲዳሰስ እንደተወለወለ ድንጋይ ይለሰልሳል። ኖራ የመሰለ ንጣት ያለው፣ በማሽን የተፈጨና ፍጹም ወጥ የሆነ ቀለበት ካያችሁ የፋብሪካ ሥራ መሆኑን አስቡ።

ጃፓን ውስጥ አሪታ ላይ የተሠራ ትልቅ ሳህን ሥር ከ3 እስከ 5 የሚሆኑ ትናንሽ የተሰበሩ ነጠብጣቦች ይኖራሉ። እቶን ውስጥ መሀሉ እንዳይሰምጥ በጭቃ ችካሎች ተደግፎ ስለተተኮሰ ነው። ይህን በማስቀመጫ ላይ ብዙም አትጠብቁት፤ መሀሉ የሚሰምጠው ሰፊ ዕቃ ነውና። ባለመኖሩ ብቻ «እንግዲያው የቻይና ነው» የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርሱ አሉ፤ ስሕተት ነው። የኮሪያ የጎርዮ ዘመን (918–1392) አረንጓዴ ሸክላ ደግሞ ቂጡ ላይ ሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ብዙውን ጊዜ 3 የሆኑ ነጭ የሲሊካ ምልክቶች ይተዋል። ቂጡ በሙሉ ቸኮሌት በመሰለ ቡናማ ቀለም የተቀባ ሰማያዊና ነጭ ዕቃ ካጋጠማችሁ ቬትናምን አስቡ፤ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቹ ዳው አካባቢ ይሠራ የነበረው እንዲህ ነው።

አሠራሩን የሚነግራችሁ ከውጭ ይልቅ ውስጡ ነው። እጃችሁ የሚገባ ከሆነ አስገቡና ዳስሱ፤ ካልገባ በባትሪ እዩ። የቻይና ትልልቅ ማስቀመጫዎች በ2 ወይም በ3 ክፍል ተሠርተው በቀጭን ጭቃ ይጋጠማሉ፤ ስለዚህ ትከሻው ወይም ሆዱ አካባቢ ዙሪያውን የሚሄድ አግድም ጉብታ ይዳሰሳል። የኮሪያው (ከጎርዮ ቀጥሎ የመጣው) የጆሰን ዘመን «የጨረቃ ማሰሮ»ም ሁለት ግማሽ ሆኖ ሆዱ ላይ የተጋጠመ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ክቡ ትንሽ የተዛባ መሆኑም ከዚህ ይመጣል። በእጅ መሽከርከሪያ የተነሳ ዕቃ ውስጡ ላይ የጣት መስመር ጠመዝማዛ ሆኖ ይቀራል። ፈሳሽ ጭቃ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ግን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ ውጩ ያበጠበት ቦታ ውስጡ ይጎደጉዳል፣ ከአንገት እስከ ቂጥ የሚወርድ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመርም ሊኖረው ይችላል። ክብ ማስቀመጫ ላይ ያንን ወራጅ መስመር ካገኛችሁ «18ኛ ክፍለ ዘመን» የሚለውን ሐሳብ ወዲያውኑ ተዉት።

ቂጡ መሀል ቀዳዳ ካለ ደግሞ ጠርዙን መርምሩ። ጠርዙ ላይ ልባስ ካለ ከመጀመሪያው መብራት እንዲሆን የተሠራ ነው። ጠርዙ ሻካራና ነጭ ከሆነ ማስቀመጫ የነበረውን ኋላ በስተው መብራት አድርገውታል። መበሳቱ ዋጋውን ይቀንሳል እንጂ የመጣበትን አገር አይለውጥም።

ቀለም ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ በእጅ የተሣለ ነው ወይስ የታተመ የሚለው ነው። አጉሊ መነጽሩን ዓይናችሁ አጠገብ አድርጉና ዕቃውን ወደ እናንተ አቅርቡ። በሰልፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካያችሁ ኅትመት ነው። የቡሩሽ ምት መነሻው ላይ ይወፍራል፣ መድረሻው ላይ ይሳሳል፣ ቀለሙ በተጠራቀመበት ይጠቁራል። መስመሩ ታትሞ መሀሉ በእጅ የተሞላም አለ፤ ይህን ለመያዝ አንድ አበባ ምረጡና መንትያውን ፈልጉ። ሁለቱ አበቦች በመስመር ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑና ቀለሙ ብቻ ከመስመሩ አለፍ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ሰማያዊው ከልባሱ በታች ስለሆነ ጣት ሲያልፍበት አይዳሰስም። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝና ወርቅ ግን ከልባሱ በላይ ተቀብተው ዳግመኛ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚተኮሱ በጥፍር ይነካሉ። እዚህ ላይ ሁለት ዓመቶች በጣም ይጠቅማሉ። ከወርቅ የሚገኘው ሮዝ ቀለም ቻይና ፖርሴሊን ላይ የገባው በ1720ዎቹ አካባቢ ነው፤ የሚንግ ሥርወ መንግሥት የወደቀው ደግሞ በ1644። ስለዚህ ሮዝ አበባ የተሣለበት ማስቀመጫ ሥሩ ላይ የሚንግ ማኅተም ቢኖረው ማኅተሙ እውነቱን አይደለም የሚናገረው። ሁለተኛው 1870 ነው፦ ጎትፍሪድ ዋግነር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሰው አሪታ ሄዶ በፋብሪካ የተመረተ ኮባልት (ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው) እንዲጠቀሙ ያስተማረው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በጃፓን ዕቃ ላይ ዓይን የሚወጋ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ደማቅ ሰማያዊ በዛ። የቀደመው ሰማያዊ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ፣ ጠርዙም ወደ ልባሱ ፈሰስ ያለ ነው።

ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቅ ያለበት ዕቃ ሁሉ «ኢማሪ» ይባላል፤ ስሙ ግን የአሪታ ዕቃ ይጫንበት የነበረ ወደብ ስም ነው። ቻይናም ለአውሮፓ ገበያ ስትል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ መልክ ቀድታ ሸጣለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ የጃፓኑ ሰማያዊ በጣም ጥቁር ነው፣ ቀዩ እንደ ጡብ ወፍራም ነው፣ የልባሱም ገጽ ወደ መብራት ሲያዘነብል ትንሽ ይሞገዳል። የቻይናው ገላ ቀጠን ያለ፣ ቀዩ ሳሳ ብሎ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ሰማያዊውም የጠራ ነው። ይህን ከፎቶ ብቻ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በፎቶ ብቻ በእርግጠኝነት የሚመልስላችሁን ሰው አትመኑት።

አንድ ዕቃ ሁለት አገር ወይም ሁለት ከተማ ሊኖረውም ይችላል። ነጭ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ሰዎች፣ ወፎችና ሮዝ አበቦች በክፍል በክፍል የተሣሉበት፣ ትከሻው ላይ ወርቅ የተቀቡ ትናንሽ ድራጎኖች፣ አንገቱ ላይ አንበሶች የተለጠፉበት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማስቀመጫ ነጩ ገላው ከጂንግደዠን መጥቶ ሥዕሉ ጓንግዡ (ካንቶን) ላይ የተሠራ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ «የጃፓን ፖርሴሊን፣ በሆንግ ኮንግ የተጌጠ» ብለው በግልጽ የጻፉ ማኅተሞች አሉ። ስለዚህ «የየት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ጭቃው የየት፣ ሥዕሉ የየት ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ።

አረንጓዴ ልባስ ካለው ሦስት ቦታ ይታሰባል፦ በቻይና ዠጂያንግ ያለው ሎንግቹዋን፣ ኮሪያና ታይላንድ። የኮሪያውን የሚለየው ጌጡ ነው። ሽመላና ደመናው በቡሩሽ የተሣለ ሳይሆን ገላው ተቀርጾ ነጭና ጥቁር ጭቃ የተሞላበት ነው፤ በአጉሊ መነጽር ጠርዙ የተቆረጠ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ እጃችን የሚገባው አብዛኛው በዘመናችን ኮሪያ ውስጥ ኢቾን አካባቢ ለቱሪስት የተሠራ ነው፤ ልባሱ ወጥ ነው፣ ሽመላዎቹም እንደ ማኅተም አንድ ዓይነት ናቸው። የቻይና ዕቃ ወደ እኛም አገር ደርሷል፤ ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ ከ2015 ወዲህ በተደረገው ቁፋሮ የቻይና ሸክላ ስባሪ ተገኝቷል። እንዲህ ባለ ቦታ መሬት ላይ የወደቀ ገል ብታገኙ እዚያው ተዉትና ለቅርስ ባለሥልጣን ንገሩ። ከየት እንደተነሳ የማይታወቅ ስባሪ ከምስክርነቱ አብዛኛውን ያጣል።

አሁን ማኅተሙ። መጀመሪያ የማን ፊደል እንደሆነ ለዩ። ክብ ቀለበቶችና ቀጥ ያሉ ዘንጎች ከተቀላቀሉበት የኮሪያ ሀንጉል ነው፤ በቻይና ፊደል ውስጥ ሙሉ ክብ ቀለበት የለም። ሁሉም ፊደል ጥቅጥቅ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ቻይናም ጃፓንም ሊሆን ይችላል፤ ጃፓኖችም በእነዚሁ ፊደላት ይጽፋሉና።

የቻይና የንጉሥ ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ 6 ፊደል በ2 ዓምድ ነው፤ ከቀኝ ዓምድ ከላይ ወደ ታች ተነብቦ ወደ ግራው ይታለፋል። የመጀመሪያው «ታላቅ» ማለት ነው፤ እጁን ዘርግቶ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው ይመስላል። ፎቶውን የምታቃኑት በእሱ ነው፦ እግሮቹ ወደ ታች ይሁኑ። ሁለተኛው የሥርወ መንግሥቱ ስም ነው። ሁለት መስኮት የመሰሉ ክፍሎች ጎን ለጎን ከቆሙ ሚንግ፣ በግራው 3 የውሃ ጠብታ ካለ ቺንግ። ሦስተኛውና አራተኛው የንጉሡ የዘመን ስም ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ «በዘመኑ የተሠራ» ይላሉ። በ4 ፊደል ብቻ ሲጻፍ ሥርወ መንግሥቱ ይቀራል። ከቺያንሎንግ (1736–1795) ጀምሮ ደግሞ መስመሮቹ ሳጥን የሚሞሉ፣ እንደ ግቢ ካርታ የሚመስሉ የማኅተም ፊደላት ይበዛሉ።

ከዚህ በኋላ ጥንቃቄ። የካንግሺ ዘመን (1662–1722) ሠሪዎች ራሳቸው የቼንግኋን (1465–1487) ስም ይጽፉ ነበር፤ የቀደሙትን ለማክበር እንጂ ሁልጊዜ ለማታለል አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ በ4 ፊደል የካንግሺን ስም የጻፉ ማሰሮዎች በብዛት ተልከዋል። የአሪታ ሠሪዎችም የቼንግኋን ስም ገልብጠዋል። ስለዚህ የንጉሥ ስም የሚያረጋግጠው ዕቃው ከዚያ ዘመን በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው።

በላቲን ፊደል የተጻፈ ማኅተም ቢያስጠላም ከሁሉ የበለጠ ታማኝ ነው። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር እንዲጻፍበት አስገደደ። የጃፓን ዕቃ በዚያ ጊዜ «ኒፖን» ተብሎ ተጻፈበት፤ በ1921 የጉምሩክ ሰዎች ቃሉ እንግሊዝኛ አይደለም ብለው «ጃፓን» እንዲባል አዘዙ። «በተያዘች ጃፓን የተሠራ» የሚል ካያችሁ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እስከ 1952 ባለው ጊዜ ነው። አሜሪካ የምትኖሩና ያገለገለ ዕቃ መሸጫ የምትዞሩ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ይህን ታገኛላችሁ። ማኅተም አለመኖሩ ግን «ከ1891 በፊት» ማለት አይደለም፤ በወረቀት ተለጥፎ የተላጠ፣ ወይም አሜሪካን ጨርሶ ያልረገጠ ሊሆን ይችላል። «ሮያል ሳትሱማ» የሚል፣ ወርቁ የታተመ ዕቃም ከጃፓን አይደለም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቻይና ውስጥ የተሠራ ነው። የሳትሱማ ግዛት ጌቶች የነበሩት የሺማዙ ቤተሰብ ምልክት፣ በክብ ውስጥ ያለ መስቀል፣ በእውነተኞቹም በኋላ ለገበያ በተሠሩትም ላይ ስላለ እሱ ብቻውን አይፈርድም።

ጥገናን በአልትራቫዮሌት ፈልጉ። በጨለማ ክፍል ዕቃውን ስታበሩበት በቅርቡ የተቀባ ቀለም፣ ሙጫና ቫርኒሽ ከቀሪው ገላ በተለየ ያበራል። በጣት ጥፍር ቀስ ብላችሁ ስትመቱትም ጤነኛ ፖርሴሊን ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ያረጀ ለማስመሰል በአሲድ የደበዘዘ ልባስ በአጉሊ መነጽር እኩል የተበሳሳ ይመስላል፣ በአሸዋ ወረቀት የታሸውም ጭረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። እውነተኛ ጭረት ዝብርቅርቅ ነው፤ እጅና ጠረጴዛ በሚነካው ቦታም ይበዛል። ማጠብ ካስፈለገ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ ፎጣ የተነጠፈበት የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል። በረኪና ወርቁንና ከልባስ በላይ ያለውን ቀለም ይበላል።

ባለሙያ ስትጠይቁ ማስቀመጫውን ሳይሆን መረጃውን ላኩ፦ ፊት፣ ጀርባ፣ አፍ፣ ውስጥ፣ ሙሉ ቂጥ፣ የቀለበቱ ቅርብ ፎቶ፣ የቀናው ማኅተም፣ የሥዕሉ ቅርብ ፎቶ፤ ሁሉም በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ሆኖ። ቁመት፣ የአፍና የቂጥ ስፋት በሴንቲሜትር፣ ክብደት በግራም ጨምሩ። ገማቹ ራሱ ሊገዛችሁ የሚፈልግ ከሆነ ሌላ ሰውም ጠይቁ። የቴርሞሉሚነሰንስ (ሸክላው መቼ እንደተተኮሰ የሚገምት) ምርመራ አድርገናል ካሏችሁ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ጠይቁ፤ ያረጀ ቂጥ ላይ አዲስ ገላ የሚገጥሙ አሉ፣ ከቂጡ የተቦረቦረ ናሙናም የሚመሰክረው ለቂጡ ብቻ ነው።

የሐራጅ መግለጫ ስታነቡም «የካንግሺ ማኅተም ያለበት» እና «የካንግሺ ማኅተምና ዘመን» የሚሉት ሁለቱ አነጋገሮች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስሙ ተጽፎበታል ይላል፤ ሁለተኛው በዚያ ዘመን ተሠርቷል ብሎ ኃላፊነት ይወስዳል።